የሙቀት መዝገብ ታሪክና የመመልከቻ ጣቢያዎች መለዋወጥ

የአገራችን ገበሬ ቴርሞሜትር የሚባለው መሣሪያ ወደ አገሩ ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት ምድሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ ከፍሎ ያውቅ ነበር። ከእንጦጦ ራስ ተነሥቶ ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ጋቢውን የሚያወልቀው ወራቱ ስለ ተለወጠ ሳይሆን ስፍራው ስለ ተለወጠ መሆኑን የሚነግረው መምህር አያስፈልገውም። 100 ሜትር ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት በለጥ እያለ ይቀንሳልና። ይህን ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እዚህ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ያው መንገደኛ ቴርሞሜትር ይዞ በየቀኑ ያየውን ቁጥር ጽፎ ቢያወርስ፣ የሄደበትን መንገድ ግን ሳይጽፍ ቢሞት፣ የልጅ ልጁ መዝገቡን ገልጦ «በአያቴ ዘመን አገሩ በጥቂት ቀን ውስጥ እጅግ ሞቀ» ብሎ መፍረዱ አይቀርም። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ፍርዱ ግን ሐሰት ነው።

የዓለምን የሙቀት መዝገብ ታሪክ የመረመረ ሰው ይህን የመሰለ ነገር በብዙ አገር ያገኛል። ልዩነቱ መንገደኛው ሰው ሳይሆን ራሱ የመመልከቻ ጣቢያው መሆኑ ነው። ጣቢያ ይዛወራል፤ ሳጥኑ ይለወጣል፤ መሣሪያው ተሰብሮ በሌላ ይተካል፤ የንባቡ ሰዓት ይቀየራል፤ መዝጋቢው በጡረታ ሲሰናበት ወጣት ይተካዋል፤ ወይም ጣቢያው ከስፍራው ሳይነቃነቅ ከተማ መጥቶ ይከበዋል። ስለዚህ የመቶ ዓመት የሙቀት መዝገብ ብዙ እጅ እንደ ገለበጠው የብራና መጽሐፍ ያለ ነው። የብራናን መጽሐፍ የሚመረምር ሊቅ በየትኛው ቅጠል ላይ የጸሐፊው እጅ እንደ ተለወጠ ሳያጣራ ስለ ቃሉ እንደማይፈርድ ሁሉ፣ የአየርን ጠባይ የሚመረምርም ሰው የመዝገቡን ታሪክ ሳያውቅ ስለ ሙቀቱ ሊፈርድ አይችልም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በዓለም ላይ ሳይቋረጥ በየወሩ ተቀናብሮ ከሚገኘው የሙቀት መዝገብ ሁሉ ረጅሙ ከ1659 ጀምሮ ያለው የመካከለኛው እንግሊዝ መዝገብ ነው። ይህን መዝገብ ከልዩ ልዩ ሰዎች ማስታወሻ ለቅሞ ያቀናበረው ጎርደን ማንሌይ የተባለው የጂኦግራፊ ሊቅ ሲሆን፣ ሥራውን በ1953ና በ1974 አሳትሟል። ማንሌይ የገጠመው ችግር ቀላል አልነበረም። በዚያ ጥንታዊ ዘመን ቴርሞሜትር የሚሰቀለው ብዙውን ጊዜ ቤት ውስጥ ነበር። ጄምስ ጁሪን የተባለው የለንደን ሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ በ1723 ባወጣው መመሪያ፣ መሣሪያው ፊቱን ወደ ሰሜን ባደረገና እሳት በማይነድበት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ ብሎ ነበር። እሳት የማይነድበት ክፍልም ቢሆን ከደጅ አየር ጋር አንድ አይደለም፤ ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ከዚህም ሌላ ከ1707 እስከ 1722 ድረስ በእንግሊዝ አገር የሚታመን ተከታታይ ንባብ ስላልተገኘ፣ ማንሌይ ክፍተቱን የሞላው በሆላንድ አገር በኡትሬክት ከተማ በተጻፈው መዝገብ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ ይልቅ የሚገባን ሌላው ችግሩ ነው። እንግሊዝ በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ስትለውጥ 11 ቀን ዘልላለች። ስለዚህ ከዚያ በፊት «ጃኑዋሪ» ተብሎ የተጻፈው ወር ከዚያ በኋላ «ጃኑዋሪ» ከተባለው ወር ጋር አይገጥምም። ማንሌይ የወሮቹን አማካይ እንደ ገና ማስላት ነበረበት። በሁለት አቆጣጠር መካከል የሚኖር የእኛ አገር መምህር ይህን ድካም ያለ ብዙ ማብራሪያ የሚረዳው ይመስለናል።

መሣሪያው ከቤት ወደ ደጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ከፀሐይና ከዝናብ በምን ይከለል? በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝና በግዛቶቿ የተስፋፋው የግሌይሸር ማቆሚያ ይባል ነበር። ይኸውም ፊቱ ክፍት የሆነ፣ ፀሐይ እንዳታገኘው በእጅ የሚዞር የእንጨት ሰሌዳ ነው። በ1864 ቶማስ ስቲቨንሰን የተባለው የስኮትላንድ መሐንዲስ ዛሬ በየጣቢያው የምናየውን ነጭ ሳጥን አስተዋወቀ። ሳጥኑ በአራቱም ወገን በሰያፍ በተደረደሩ ድርብ ጣውላዎች የተሠራ ሲሆን፣ ነፋስ ያስገባል፣ የፀሐይን ጨረር ግን ይከለክላል። (ስቲቨንሰን የባሕር ፋናዎችን የሚያንጽ ሰው ነበር፤ ልጁ ሮበርት ሉዊስ ግን አባቱን ትቶ ልብ ወለድ ጻፈ። ዓለም ልጁን ሲያስታውስ አባቱን ረስቷል፤ የአየር ጠባይ ተመልካቾች ግን ስሙን በየቀኑ ይጠሩታል።)

ከማቆሚያው ወደ ሳጥኑ የተደረገው ለውጥ በመዝገቡ ላይ ያመጣውን ልዩነት የምናውቀው በአውስትራሊያ አዴሌድ ከተማ የነበሩ ሰዎች በትዕግሥት በሠሩት ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አቁመው ከ1887 እስከ 1947 ድረስ ለ60 ዓመት በሁለቱም አነበቡ። በአሮጌው ማቆሚያ ላይ የበጋው ቀን ከፍተኛ ሙቀት በሳጥኑ ውስጥ ካለው እስከ 1 ዲግሪ የሚደርስ ብልጫ ነበረው፤ ሌሊት ግን በተቃራኒው ከሳጥኑ በጥቂቱ ይቀዘቅዝ ነበር። የዓመቱ አማካይ ሲሰላ አሮጌው ወደ 0.2 ዲግሪ ገደማ አስበልጦ ተገኘ። ይህ ቁጥር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የዓለም ሙቀት በመቶ ዓመት ውስጥ የጨመረው በ1 ዲግሪ አካባቢ በሚቆጠርበት ነገር ላይ፣ አንድ የእንጨት ሳጥን ብቻውን 0.2 ዲግሪ ማንቀሳቀሱ ታላቅ ነገር ነው።

በሞቃታማው የምድር ወገብ አካባቢ በሚገኙ አገሮች ደግሞ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ቴርሞሜትር ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው በሣር ክዳን ዳስ ሥር ነበር። ዳሱ ቀን ጥላ ይሰጣል፤ ሌሊት ግን ምድር ሙቀቷን ወደ ሰማይ እንዳትለቅ ይከለክላል። በዚህ ምክንያት በዚያን ጊዜ የተጻፉት ቁጥሮች በኋላ በስቲቨንሰን ሳጥን ከተገኙት ወደ 0.2 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብለው እንደ ነበሩ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌያችን እንሻገር። ይህንንም የምናመጣው ከሩቅ አገር ከኒው ዚላንድ ነው፤ ምክንያቱም የጣቢያ መዛወር ጉዳይ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰው በዚያ ነውና።

የኒው ዚላንድ ዋና ከተማ ዌሊንግተን ከባሕር ዳር ጀምራ ወደ ኮረብታ የምትወጣ ከተማ ናት። እስከ 1927 መጨረሻ ድረስ የከተማዋ ሙቀት የሚለካው ቶርንደን በሚባለው ሰፈር፣ ከባሕር ወለል 3 ሜትር ብቻ ከፍ ባለ ስፍራ ነበር። ከ1928 ጀምሮ ግን ጣቢያው ኬልበርን ወደሚባለው ኮረብታ ተዛወረ፤ ይህ ስፍራ 125 ሜትር ከፍታ አለው። ሁለቱ ጣቢያዎች ለጥቂት ወራት እንኳ አብረው አልሠሩም፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ። መዝገቡ ላይ ግን የተጻፈው ስም ያው «ዌሊንግተን» ነው። እንግዲህ ስሙን ብቻ አይቶ ቁጥሮቹን የቀጠለ ሰው ዌሊንግተን በ1928 በድንገት የቀዘቀዘች ይመስለዋል፤ በኋላ የመጣው የሙቀት መጨመርም በዚያ ሐሰተኛ ቅዝቃዜ ተሸፍኖ ይቀራል።

ጄምስ ሳሊንጀር የተባለው ኒው ዚላንዳዊ በ1981 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ይህንና ይህን የመሰሉትን ለውጦች በየጣቢያው መርምሮ መዝገቡን አስተካከለ። የአገሩ የአየርና የውሃ ምርምር ተቋምም በኋላ ይህን ሥራ መሠረት አድርጎ የሰባት ጣቢያዎችን ተከታታይ መዝገብ አወጣ። በ2009 ግን ተቃዋሚዎች ያልታረመውን ቁጥር እንዳለ በሥዕል አውጥተው፣ «ሙቀት አልጨመረም፤ የጨመረው የባለሥልጣኖቹ እርማት ነው» ሲሉ ከሰሱ። ክሱ በቀላሉ ሰው ጆሮ የሚገባ ነበር። አስቀድሞ የተጻፈን ቁጥር መለወጥ ለማንም ሰው የሐሰት ሥራ ይመስላልና። በማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ይህን ጉዳይ ስናስተምርም ከእጩ መምህራን መካከል ፈጥኖ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ «አንድ ጊዜ የተጻፈ መዝገብ እንዴት ይታረማል? እኛ የተማሪን ውጤት ብንፋቅ እንቀጣ የለም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው የተገባ ነው፤ መልስ ሊሰጠው እንጂ ሊገሠጽ አይገባም።

መልሱ በሁለት ወገን ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ አልተፋቀም። የቶርንደን ቁጥር በቶርንደን ስም፣ የኬልበርን ቁጥር በኬልበርን ስም ተጠብቆ ይገኛል፤ የታረመው መዝገብ ከእነዚህ ላይ የተሰላ ሌላ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛ፣ የእርማቱ ልክ በግምት የተመጠነ ሳይሆን የተለካ ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ባይሠሩም፣ በባሕር ዳር በሚገኘው በዌሊንግተን አውሮፕላን ማረፊያና በኬልበርን ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን የተነበበ ብዙ ዓመት የሞላ መዝገብ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 0.8 ዲግሪ የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ከከፍታው ልዩነት ይጠበቅ ከነበረው ጋር ይስማማል። ከዚህም በላይ ብዙ ያልተዛወሩ 11 ጣቢያዎች ተመርጠው ያለ ምንም እርማት ሲታዩ፣ እነርሱም የሙቀት መጨመርን አሳዩ።

ተቋሙ በ2010 የሰባቱን ጣቢያዎች መዝገብ ከሥሩ እንደ ገና አስልቶ፣ የአውስትራሊያ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤትም እንዲመለከተው አደረገ። ውጤቱ በመቶ ዓመት 0.91 ዲግሪ ሲሆን፣ ከቀድሞው ጋር እጅግ የተቀራረበ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ግን ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ ፍርድ ቤቱም በ2012 ክሱን ውድቅ አደረገው። በእኛ አስተያየት ከፍርዱ ይልቅ የሚያስተምረው ከፍርዱ በፊት የተሠራው ሥራ ነው። ይኸውም የእያንዳንዱን ጣቢያ ታሪክ፣ መቼና ለምን እንደ ተዛወረ፣ በምን ያህል ቁጥር እንደ ታረመ ለማንም ሰው በግልጽ አውጥቶ ማሳየቱ ነው። ይህ ቀድሞውኑ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ምናልባት ያን ያህል ባልተራዘመ ነበር።

የስፍራ መለወጥ ለዓይን ይታያል። የሰዓት መለወጥ ግን ረቂቅ ነው። በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት መዝገቡን በብዛት የሚይዙት ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ ከሥራቸው ሲመለሱ፣ ወደ ማታ ገደማ ያነቡ ነበር። የዕለቱን ከፍተኛ ሙቀት የሚያሳየው ቴርሞሜትር ከተነበበ በኋላ ወደ ወቅቱ ሙቀት ይመለሳል። ለምሳሌ ሰኞ እጅግ ሞቃት ቀን ሆኖ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሙቀቱ 31 ዲግሪ ቢሆን፣ መዝጋቢው ንባቡን ጽፎ መሣሪያውን በ31 ላይ ይመልሰዋል። ማክሰኞ ብርድ ሆኖ ከ24 ዲግሪ ባይበልጥ እንኳ፣ መሣሪያው ማክሰኞ ማታ የሚያሳየው ከ31 የማያንስ ቁጥር ነው። አንዱ ሞቃት ቀን ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። ንባቡ በጠዋት ቢሆን ደግሞ በተገላቢጦሽ ብርዳማው ሌሊት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ጀምሮ፣ በመለኪያው የተጠራቀመው የዝናብ ውሃ በቀኑ ሙቀት እንዳይተን ሲባል፣ ንባቡ ቀስ በቀስ ወደ ጠዋት ተዛወረ። አየሩ ምንም ሳይለወጥ የአገሩ መዝገብ የቀዘቀዘ መሰለ። በ1986 ቶማስ ካርልና ባልደረቦቹ ይህን ልዩነት አስልተው ማረሚያውን አሳተሙ።

ይህ ሁሉ እርማት ሲደመር የዓለምን ሙቀት ወዴት ያዘነብለዋል? ብዙ ሰው ሳይመረምር «የሙቀቱን መጨመር ያጋንነዋል» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ቀድሞ የባሕር ውሃ ሙቀት የሚለካው ከመርከብ በሸራ ባልዲ በተቀዳ ውሃ ነበር፤ ባልዲው እስኪሳብ ድረስ ውሃው በትነት ይቀዘቅዛል። ይህ ሲታረም የጥንቱ ሙቀት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በጥንቱና በዛሬው መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል። ባሕር የምድርን ፊት አብዛኛውን ክፍል የያዘ ስለሆነ፣ እርማቱ በጠቅላላው የመቶ ዓመቱን መሞቅ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም።

ስለ መዝጋቢው ሰው ደግሞ ከአፍሪካ ምድር የተገኘ ታላቅ ምሳሌ አለ። በሴፕቴምበር 13 ቀን 1922 በጣሊያን ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው በሊቢያ፣ አል ዓዚዚያ በምትባል ስፍራ 58 ዲግሪ ሙቀት ተመዘገበ ተባለ። ይህ ቁጥር ለ90 ዓመት ያህል የዓለም ከፍተኛው ሙቀት እየተባለ በጂኦግራፊ መጻሕፍት ሲጻፍ ኖሯል፤ ስንት መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ጻፈው እግዚአብሔር ይወቅ። በኋላ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መርማሪዎችን ሰበሰበ። ከእነርሱም አንዱ የሊቢያው የአየር ጠባይ ሹም ኻሊድ ኤል ፋድሊ ነበሩ። የጥንቱን የመዝገብ ቅጠል ፈልገው አገኙት። ምርመራው በተጀመረ ጊዜ በ2011 ሊቢያ በጦርነት ስለ ተያዘች ከእርሳቸው ጋር የነበረው ግንኙነት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ሲመለሱ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ።

ቅጠሉ ምን አሳየ? ከሴፕቴምበር 11 ጀምሮ የእጅ ጽሕፈቱ ተለውጧል። አዲሱ ሰው ቁጥሮቹን በማይገባቸው ዓምድ እየጻፈ ነበር። መሣሪያው ደግሞ የቆየ ዓይነት ሲሆን፣ በቱቦው ውስጥ ፈሳሹ የሚገፋው ትንሽ የብረት ምልክት አለው፤ የሚነበበው በምልክቱ ታችኛ ጫፍ ነው። ልምድ የሌለው ሰው ላይኛውን ጫፍ ካነበበ ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ከስፍራው ሥር ያለው ንጣፍም አስፋልት የመሰለ እንጂ የበረሃ አፈር አልነበረም። በአካባቢው ካሉት ሌሎች ጣቢያዎች ጋር ሲተያይ ቁጥሩ ብቻውን ወጥቶ ይታያል፤ በዚያው ጣቢያ በኋላ ዘመን ከተገኙትም ጋር አይስማማም። ስለዚህ ድርጅቱ በሴፕቴምበር 13 ቀን 2012፣ ልክ በ90ኛው ዓመቱ፣ መዝገቡን ሻረው። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ቅጠሉ ባይገኝ ኖሮ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይኖርም ነበር። ያ ስሙን ያልተወ ሰው ስሕተቱን ራሱ በእጁ ጠብቆ አቆየልን።

በእኛው አካባቢ ያለው ችግር ከዚህ በመጠኑ ይለያል። በኢትዮጵያ ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙት በየከተማውና በየአውራ ጎዳናው ዳር ነው፤ ከተማውም በዙሪያቸው እያደገ ነው። በግድግዳና በአስፋልት የተከበበ ጣቢያ የሌሊቱን ብርድ እንደ ቀድሞው አያገኘውም። ሉክ ሃዋርድ በለንደን ከተማና በገጠሩ መካከል ያለውን ይህን የመሰለ ልዩነት ገና በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አስተውሎ ጽፎታል። ሌላው ችግር የመዝገብ መቋረጥ ነው። ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው በዳሎል ከ1960 እስከ 1966 ድረስ ተመዝግቦ የተገኘው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ሰው በኖረበት ስፍራ ከተለካው ሁሉ እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዝናው በዓለም ሁሉ ተሰምቷል። ነገር ግን የጥቂት ዓመት ንባብ ስለሆነ፣ ዳሎል ከዚያ ወዲህ ሞቀ ወይስ አልሞቀም ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

በየትምህርት ቤታችን የዝናብ መለኪያና ቴርሞሜትር ያለን መምህራንና ርእሳነ መምህራን እንግዲህ ምን እናድርግ? አዲስ የመማሪያ ክፍል ሲታነጽ ሳጥኑ ከግቢው አንድ ጥግ ወደ ሌላው ይነሣል፤ ዛፍ ይቆረጣል ወይም ይተከላል፤ መዝጋቢው ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ይሄዳል። በመዝገቡ ኅዳግ ላይ ቀኑን፣ የቀድሞውንና የአዲሱን ስፍራ፣ በአቅራቢያው ያለውን ቤትና ዛፍ በእርምጃ ለክቶ፣ የንባቡን ሰዓትና የመዝጋቢውን ስም መጻፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቢቻል ደግሞ አሮጌው ስፍራ ከመዘጋቱ በፊት በሁለቱም ስፍራ አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ይህም ከአንድ ዓመት ባያንስ መልካም ነው፤ የአዴሌድ መዝገብ እንዳሳየው ልዩነቱ እንደ ወራቱ ስለሚለያይ፣ በክረምት ደመና የተገኘው ቁጥር ለበጋው ጥርት ሰማይ አይሆንምና።